የዱር እንስሳት ተመራማሪ መሆን ለሚያስቡ የጎንደር ልጆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማራኪ ግቢ ሻይ ስጠጣም ሆነ የደባርቅ ሚኒባስ ላይ ተጨናንቄ ስሄድ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሁልጊዜ እነዚህ ናቸው፤ ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዱር እንስሳት ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ምን የሚሠራ ሰው ነው?

እንስሳው ለምን እዚህ እንዳለ፣ ለምን እዚያ እንደሌለ የሚጠይቅ ሰው ነው። ምን ይበላል? የት ያድራል? ከወለደው ስንቱ ያድጋል? ከገበሬው ጋር የት የት ይጋጫል? ጥበቃ የምንለው ከዚህ በኋላ ይመጣል። መልሱ ሲታወቅ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ከእንስሳት ሐኪም ጋር ያምታታናል። ሐኪሙ የታመመውን አንዱን ቀበሮ ያያል። እኛ መንጋውን፣ የሚበላውን አይጥ፣ አይጡ የሚበላውን ሣር፣ ሣሩን የሚግጠውን በግ እናያለን። በመሃል ግን አጥር የለም። ክላውዲዮ ሲሌሮ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ሲያጠና፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀበሮዎቹን ፈጃቸው። በሽታው የመጣው ከቤት ውሾች ነበር። እሱ በ1995 የመሠረተው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ታዲያ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የገበሬ ውሻ መከተብ ሆነ። ቀበሮ ሊያጠና የገባ ሰው ውሻ ሲያሳድድ ይውላል። ሙያው እንዲህ ነው።

ጎንደር ሆኜ ምን ልማር?

የመጀመሪያ ዲግሪ ባዮሎጂ ቀጥተኛው መንገድ ነው። በተፈጥሮ ሀብት፣ በደንና በእንስሳት ሕክምና በኩልም የገቡ ብዙ አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ስለጀመረ ሰው የሚያውቀው በሐኪሞቹ ነው። ባዮሎጂም የእንስሳት ሕክምናም ግን አለው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አፍንጫ ሥር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪና ለዶክትሬት ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ክፍል ወይም የሐዋሳው ወንዶ ገነት ኮሌጅ እንሄዳለን።

ከዲግሪው ስም በላይ አንድ ነገር ልምከር። ስታትስቲክስን አትሽሹ። ሒሳብ ጠልታችሁ ባዮሎጂ ከገባችሁ ሒሳቡ እዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። አር የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራምና ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም ሁለቱም ነፃ ናቸው። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲደርስ ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ይቀድማል።

ስሜን ላይ ፈረንጆቹ ሁሉን አጥንተው አልጨረሱም?

ብዙ አጥንተዋል፣ እውነት ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ እዚህ አገር መጥቶ ነበር። የዋልያንም፣ የጭላዳንም፣ የቀይ ቀበሮንም ሳይንሳዊ ስም ያወጣው እሱ ነው። ዋልያ የሚለውን ከእኛው ሰው አፍ ወስዶ ካፕራ ዋሊ አለው። ካኒስ ሲመንሲስ የሚለው የቀይ ቀበሮ ስምም ስሜንን ነው የሚጠራው። በኋላ ስዊሱ በርንሃርድ ኒቨርጌልት ዋልያን፣ እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ ጭላዳን አጠኑ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጭላዳዎቹን አንድ በአንድ ለይተው፣ ስም አውጥተውላቸው ይከተላሉ።

ከነሱ ሥራ አንዱን ልንገራችሁ፤ የምርምር ጣዕሙ እዚያ ላይ ስላለ። አዲስ ወንድ መጥቶ የድሮውን አባወራ ሲያባርር፣ እርጉዝ የነበሩት ሴቶች ምን ይሆናሉ? ከ10 እርጉዞች 8ቱ ገደማ ጽንሱን ያጣሉ። አዲሱ ወንድ የእሱ ያልሆነውን ግልገል ስለሚገድል ይሆናል፤ ሰውነታቸው ቀድሞ ያቋርጠዋል። ውጤቱ በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ይህ እንዴት ታወቀ? አንድም እንስሳ ሳይያዝ። ዓይነ ምድራቸውን እየሰበሰቡ ሆርሞኑን በመለካት፣ ማን የማን መሆኗን እያወቁ፣ ዓመታት በመቀመጥ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጥያቄው አላለቀም እላለሁ። ፈረንጁ ለመምጣት አውሮፕላን፣ ቪዛና ትልቅ በጀት ያስፈልገዋል። እኛ ጠዋት መናኸሪያ ገብተን ለምሳ ደባርቅ ነን፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የገበሬውን ቋንቋ እናውቃለን። ጾሙን፣ ገበያውን፣ የከብቱን መውጫ ሰዓት እናውቃለን። ሰውና እንስሳ አንድ ላይ የሚኖሩበትን ጉዳይ ከኛ በላይ የሚያየው ማን አለ? የጎደለን መቆየት ነው። ለመመረቂያ ስድስት ወር እንወጣለን፣ ተመርቀን እንቀራለን።

ከስሜን ሌላ የሚጠና ቦታ የለም?

ሞልቷል። ወደ ቋራ ብትወርዱ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ2016 ሃንስ ባወርና ባልደረቦቹ እዚያ በካሜራ አንበሳ አንስተው ዓለም ሁሉ አወራው። የአካባቢው ሰው ግን አንበሳውን ድሮም ያውቀው ነበር። ማስረጃ ሆኖ የተመዘገበው ያኔ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደን ሌላው ነው። ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አጥንቶ በ2007 ኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ላይ ዶክትሬቱን ሠራ። ከዚያ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ደኖቹ ከብት እንዳይገባባቸው የድንጋይ አጥር የማጠር ሥራ ውስጥ ገባ። ወፍ፣ ጉሬዛ፣ ቢራቢሮ፣ ምስጥ፣ የፈለጋችሁት እዚያ ውስጥ አለ። ጣናም ቅርብ ነው።

ካልሆነም ከቤት አትውጡ። ማታ አዘዞ ወይም ሌላ ሰፈር ዳር የሚጮኸው ጅብ የሚጠና እንስሳ አይደለም ያለው ማነው? ትግራይ ላይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጅብ በዐቢይ ጾም ምን እንደሚበላ ጠየቁ። ልኳንዳ ሲዘጋ፣ ከተማ ውስጥ አጥንትና ቆዳ ሲጠፋ ጅቡ ምን ይሆናል? ዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለውን ጸጉር ለዩት። የአህያ ጸጉር ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ ነበር። በሁዳዴ ወደ 33 በመቶ ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ወረደ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊጠይቅ የሚችለው ጾሞ የሚያውቅ ሰው ነው። በጣም የምቀናበት ጥናት ነው።

እንስሳ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

የመጀመሪያ የዋልያ ቆጠራዬን አልረሳውም። ስሜን ፓርክ ውስጥ ጨነቅ አካባቢ በሁለት ቡድን ተከፍለን፣ አንዱ ከወዲህ ሸንተረር፣ አንዱ ከወዲያ ቆጠርን። ማታ እሳት ዳር ስንደምረው ቁጥሩ አስደሰተን። ጠዋት አንድ ሽማግሌ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ ያቺ ቀንዷ የተሰበረችው እናት እናንተም ጋ አለች፣ እነሱም ጋ አለች» አለኝ። መንጋው ሰዓት ጠብቆ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ዞሮ ነበር። ግማሹን ሁለቴ ቆጥረነዋል።

ችግሩ ሁለት ነው። ያየነውን ደግመን እንቆጥራለን። ያላየነው ደግሞ አለ። ለመጀመሪያው መፍትሔው ሁሉም ቡድን በአንድ ሰዓት መቁጠሩ፣ መንጋው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ግልገል እንደሆነና ወዴት እንደሄደ መጻፉ ነው። ማታ ወረቀቶቹ ይተያያሉ። ክረምት ጉሙ ዓይን ስለሚያሳጣ የገደል ቆጠራ ለበጋ ይመረጣል።

ለሁለተኛው፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ትራንሴክት የሚባል አለ። ቀጥ ያለ መስመር ታወጣላችሁ፣ በዝግታ ትሄዳላችሁ፣ እንስሳ ባያችሁ ቁጥር ከመስመሩ የራቀበትን ትለካላችሁ። እግራችሁ ሥር ያለው አያመልጣችሁም። እየራቀ ሲሄድ ግን የምታዩት ይቀንሳል። የሚቀንስበትን ፍጥነት ካወቃችሁ ስንቱ እንዳመለጣችሁ ማስላት ይቻላል። ነብር ለመሰለ ድብቅ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ዛፍ ላይ ይታሰራል። ለካሜራው ከነብር ይልቅ ሰው ያሰጋዋል። እረኞቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ፎቷቸውንም አሳዩአቸው። ከዚያ ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸው።

የትኛውን እንስሳ ልምረጥ?

ጥያቄ ምረጡ፤ እንስሳው ራሱ ይመጣል። የኛ አገር የማስተርስ ርዕስ አንድ ቅርጽ አለው። «የእንትን ቁጥርና ስርጭት፣ የቀን ውሎውና ከሰው ጋር ያለው ግጭት፣ በእንትን ወረዳ።» እንስሳውንና ወረዳውን ብቻ ቀይሮ አሥር ሰው ይመረቅበታል። እኔም ተመርቄበታለሁ፤ አልሳደብም። ቁጥር መነሻ ነው፣ ያስፈልጋል። ግን «ስንት ነው?» ብሎ የቆመ ጥናት አስመርቆ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

መንዝ ጓሳ ላይ ሰዎች አንድ ነገር አዩ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ገብቶ ይንጎራደዳል፣ ጭላዳውም አይሸሽም፣ ቀበሮውም ግልገል አይነካም። ለምን? ተከታትለው ሲቆጥሩ ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። እረኛ ሁሉ ያየው ነገር ነበር። አንድ «ለምን» ተጨመረበትና ምርምር ሆነ።

ሌላ ምክር ልጨምር። ቆንጆውን እንስሳ ሁሉም ይሻማል። ጃርት፣ ከርከሮ፣ አይጥ፣ ጥንብ አንሳ፣ የሌሊት ወፍ ጠያቂ አጥተዋል።

ሴት ነኝ፤ የመስክ ሥራው ይከብደኛል?

ተራራው ለሁሉም ይከብዳል። ጨነቅ ከ3600 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ አየሩ ይሳሳል፣ ወንዱም ራሱን ያመዋል። ሁለት ሦስት ቀን ሰውነት እስኪለምድ መታገሥ ነው።

ሴቶችን የሚከብዳቸው ሌላ ነው። የት እንደሚያድሩ፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱ፣ ቤተሰብ ምን እንደሚል። ስለዚህ ከአድቫይዘራችሁ ጋር የምታወሩት የመጀመሪያ ነገር ማደሪያና አብሮ የሚሄድ ሰው ይሁን፤ በጀቱ ውስጥም ይግባ። «አይ፣ ስትደርሺ ይስተካከላል» የሚል አድቫይዘር ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ። ደግሞ አንድ ጥቅም አለ። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ዶሮዋን ሸለመጥማጥ የበላባት እናት ለወንድ ጠያቂ የማትነግረውን ለሴት ትነግራለች። ከዳታው ግማሹ እሷ ጋ ነው።

ፈቃድ ከየት አወጣለሁ?

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይጀመራል። በፌደራል ደረጃ ለሚተዳደሩ ፓርኮች ፈቃዱ አዲስ አበባ ካለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ያንን ይዛችሁ ለስሜን ደባርቅ ያለውን የፓርክ ጽሕፈት ቤት ታሳውቃላችሁ፣ ስካውት ይመደብላችኋል። ከፓርክ ውጭ ከሆነ ወረዳውና ቀበሌው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስተዳዳሪውን ሳታነጋግሩ ቅጠል አትቁረጡ።

ደም፣ ጸጉር ወይም ዓይነ ምድር ለምርመራ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጉዳዩ ይጠብቃል። በ1998 ዓ.ም. የወጣ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ አለ። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሳይፈቅድ አንዲት ጠብታ አትወጣም። ይህን የመስክ ሥራው ሊያልቅ ሲል ያወቀ ተማሪ አውቃለሁ። ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ከረመ።

ገንዘቡስ?

ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ለማስተርስ ትራንስፖርትና ወረቀት ይሸፍናል ብላችሁ ተነሡ። ከውጭ ለጀማሪዎች በሩን ከሚከፍቱት ራፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ ፋውንዴሽን አንዱ ነው። የመጀመሪያው ድጎማ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ነው። ጥሩ ከሠራችሁ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አለ። የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ የጥበቃ ሥራ ነው የሚፈልገው። አይዲያ ዋይልድ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ይሰጣል፦ ባይኖኩላር፣ ጂፒኤስ፣ ካሜራ። የኮንሰርቬሽን ሊደርሺፕ ፕሮግራም ለወጣት ቡድኖች ነው።

በጀት ስትሠሩ በቅሎዋን አትርሱ። በቅሎ፣ የበቅሎው ጌታ፣ የስካውት አበል፣ ገብስ፣ ባትሪ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደረሰኝ ነው። አንድ የፋይናንስ ክፍል «የበቅሎ ኪራዩን የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ አምጣ» ብሎኝ ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ በባለበቅሎው አሻራና በቀበሌ ማኅተም አለቀ። ጣትና ማኅተሙን ከመነሻው አዘጋጁ።

ቤተሰቤ «ዝንጀሮ ልትቆጥር ነው የተማርከው?» ይላል። ሥራ ይገኛል?

እናቴም ብላኛለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ያው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው» ትል ነበር።

ሥራው አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ ባለሥልጣኑና ፓርኮቹ ውስጥ ኤክስፐርት መሆን፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ የጥበቃ ድርጅቶች፣ የውጭ ቡድኖች ጋር የመስክ ረዳት። መጨረሻ ላይ ያለውን አትናቁት። አንድ ዓመት የመስክ ረዳት ሆኖ የሠራ ልጅ ለስኮላርሺፕ ሲያመለክት የሚጽፍለት ሰው አለው። ሀብታም የሚያደርግ ሙያ ግን አይደለም። ሐኪም የሆነው የክፍል ጓደኛችሁ ቤት ሲሠራ እናንተ ጫማ ትቀይራላችሁ። ይህን ሰምታችሁ ካልተከፋችሁ ቀጥሉ።

ገበሬው «ዝንጀሮ አዝመራዬን ጨረሰው» ሲለኝ ከማን ጎን ልቁም?

መጀመሪያ እመኑት። ገብሱ የዓመት ቀለቡ ነው። መጠይቅ ይዞ መጥቶ «በዓመት ስንት ኩንታል ጠፋ?» ብሎ ጽፎ የሚሄድ ብዙ ተማሪ አይቷል፤ ተመልሶ የመጣ አላየም። አንድ አዛውንት «አንተ ደግሞ ስንተኛው ነህ? የበፊቶቹ የጻፉት የት ደረሰ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መለካት ይመጣል። ሰው የሚያማርረውና የሚጠፋው ሁሌ አንድ አይደለም። መንጋ ሆኖ በቀን የሚመጣ ዝንጀሮ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሌሊት ሥር የሚነቅለው ጃርት አይታይም። እርሻው ዳር ቆማችሁ ከዘር እስከ አጨዳ ስትለኩ ጥፋተኛው ሌላ ሊሆን ይችላል። ያንን ለገበሬው ቀድማችሁ ንገሩት። ማን እንደሚበላበት ማወቅ ለጥበቃው ሰዓት ይጠቅመዋል።

የምትጽፉት ነገርም ሰው ቤት ይገባል። ስሜን በ1978 ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ያለ ተብሎ ተመዘገበ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመሃል የተደረገው ብዙ ነው። አንዱ የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቅቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ሣሩ ተመልሶ አድጓል፤ ሰዎቹ ደግሞ ቀያቸው ላይ የሉም። ሁለቱም እውነት ነው። ሪፖርት ላይ «የግጦሽ ጫና» ብላችሁ ስትጽፉ ያቺ ሐረግ የማን በግ እንደሆነች እወቁ።

ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ስሠራ ስሜ ጽሑፉ ላይ ይወጣል?

ሳትጠይቁ አይወጣም ብላችሁ አስቡ። መጥፎ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ዳታ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያደርግም የሚል ልማድ ስላለ ነው። ታዲያ ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር በኢሜይል ይጻፍ፦ ዳታው የማን ነው፣ ደራሲዎቹ እነማን ናቸው፣ እኔ የምመራው ጽሑፍ የትኛው ነው? ጥሩ ሰው ጥያቄውን ያከብራል። ፊቱን ካጠቆረ ቀድማችሁ አወቃችሁ።

እኛስ? ዋልያው የት እንደሚያድር የሚያሳየንን ስካውት «ምስጋና» ላይ እንኳ የማንጠቅሰው ስንቶቻችን ነን?

የት ላሳትም? ገንዘብ ክፈል የሚል ኢሜይል መጣልኝ።

«ውድ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናወጣለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት። ፕሮፌሰር አይደላችሁማ። እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ። የሁለት ወር ደመወዜን ከፈልኩ፣ ማንም ሳያነበው ወጣ፣ በኋላ ድረ ገጹ ራሱ ጠፋ። ያንን ዳታ ሌላ ቦታ ላወጣው ብል «ታትሟል» ተባልኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ሲኔት የሚባል የሳይንስ መጽሔት አለ። የአፍሪካ ጆርናል ኦቭ ኢኮሎጂም አለ። ይቆያል፣ ጽሑፉን የሚገመግመው ሪቪወር ያደማል። ግን ከመጀመሪያው የሪቪወር አስተያየት የተማርኩትን ያህል ከሁለት ሴሚስተር አልተማርኩም።

ጸጥታ ሲደፈርስ ጥናቱ ምን ይሆናል?

ይቋረጣል። ላለፉት ዓመታት ብዙዎቻችን የመስክ ደብተራችን ላይ ባዶ ገጾች አሉ። ለዳታ ብሎ መንገድ የሚሄድ ሰው አትሁኑ። ረዳታችሁንም አትላኩ፤ የእሱ ነፍስ ከእናንተ አይረክስም። ባዶውን ወር በግምት አትሙሉ፤ ባዶ ነው ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በፊት የተሰበሰበ ዳታ ካላችሁ አሁን መተንተኛው ጊዜ ነው። ደግሞ ሩቅ የማይሄድ ጥያቄ ይኑራችሁ። ለዚህ ነው ከላይ የከተማውን ጅብ ያነሣሁት።

ውጤቴ ማንንም የማያስደስት ቢሆንስ?

ይሆናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋልያ ከ200 ያልበለጠ እንደነበር ይገመት ነበር። ፓርኩ ተከልሎ በ2000ዎቹ ከ500 አለፈ። ቁጥሩ ሲያድግ ሁሉም ፎቶ ይነሣ ነበር። የቅርብ ዓመታት ቆጠራዎች ግን እየወረደ መሆኑን አሳይተዋል። የወረደ ቁጥር ይዞ ስብሰባ የሚገባ ሰው ሻይ አብሮት የሚጠጣ ያጣል። «እስኪ እንደገና ተመልከተው» ይባላል። አንዳንዴ ያ ተገቢ ነው፤ እንደ እኔ የቀንድ ሰባራዋን እናት ሁለቴ ቆጥራችሁ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ቁጥሩን አስተካክለው ማለት ነው።

መከላከያው ደብተሩ ነው። ስንት ሰው ቆጠረ፣ ስንት ሰዓት፣ ጉም ነበር ወይ፣ የትኛው ገደል አልታየም። አንድ ቁጥር ብቻ አትስጡ፤ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ስጡ። የአምናውና የዘንድሮው አቆጣጠር ከተለያየ አታወዳድሩ። የመስክ ደብተሩን ኮፒ አድርጉና አንዱን ቤት አስቀምጡ። እኔ የመጀመሪያዬን ደብተር እስከዛሬ አልጣልኩትም። የተሳሳተው ድምር ላይ መስመር ተሰምሮበት፣ ከጎኑ «ሁለቴ ተቆጥሯል» የሚል በእርሳስ ተጽፎበታል። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስነብባቸው እሱን ገጽ ነው።